ፍሬን የሌለው አማች

የሰው ልጅ መጀመሪያ ያጣውን ለማግኘት ይደክማል፤ ካገኘ በኋላ ደግሞ ያገኘውን ለመቀነስ ይደክማል። ሻዩን በስኳር መጠጣት የቻለ ሰው ያለ ስኳር ካልሆነ አልጠጣም ይላል። መኪና የገዛው ለጤናዬ በእግሬ ልሂድ ይላል። እኔና ጓደኛዬ ሮብሌ ደግሞ ከብስክሌት ላይ ፍሬን ቀነስን። ተበላሽቶብን እንዳይመስላችሁ። ሆን ብለን፣ ተመካክረን፣ ደስ እያለን ነው የቀነስነው።

ላላወቀ ላስረዳ። በፈረንሳይኛ «ፒኞን ፊክስ» የሚሉት የብስክሌት ዘር አለ። ለውድድር ሜዳ የተሠራ ስለሆነ የኋላው ጥርስ ከጎማው ጋር ተቆልፏል። ጎማው ከዞረ ፔዳሉ ይዞራል፣ ፔዳሉ ከዞረ እግርህ ይዞራል፤ ደከመኝ፣ ልረፍ ብትል የሚሰማህ የለም። መቆም ስትፈልግ ፔዳሉን በእግርህ ወደ ኋላ እየገፋህ እንደ እልኸኛ በቅሎ ትከራከረዋለህ፤ ከተስማማችሁ ይቆማል። ማርሽ የለው፣ ደወል የለው፣ የጭቃ መከላከያ የለው። ይህ ሁሉ የሌለው ነገር ደግሞ በየአገሩ ወዳጅ ሞልቶታል። ፎቶውን ፌስቡክ ላይ እየለጠፉ ይቀናናሉ። ፍሬን የገጠመ ሰው ከመካከላቸው ከተገኘ ሰላምታ አይነፍጉትም፤ ግን ያዝኑለታል።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ድሬዳዋ ሰው መራመድ የሚማረው ብስክሌት እስኪደርስለት ብቻ ነው። ጅቡቲ የገባሁት ነፃ ቀጠናው ውስጥ ካለ መጋዘን ዕቃ ለማስተላለፍ ነበር። ሮብሌ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ የብየዳ ቤት አለው። አንድ ወደ አገሩ የተመለሰ ፈረንሳዊ የጣለውን የውድድር ብስክሌት ባዶ ብረት አገኘንና ሥራ ጀመርን። ምን ዓይነት ሥራ መሰላችሁ? ጎማው ከዱባይ እስኪመጣ ጠበቅን። ካቴናው ወርቃማ ይሁን ብርማ በሚለው ጉዳይ ተኳርፈን በሰው ታረቅን። መሪውን ከግራም ከቀኝም ቆርጠን ጉልበቴ እስኪመታው ድረስ አጠበብነው። መሪ ሲጠብ ነው የሚያምረው። ለምን ያምራል ብሎ የጠየቀ ሰው ገና አልገባውም ማለት ነው።

እንግዲህ ብስክሌቱ ባማረ ሰሞን ነው ሰሚራን የወደድኳት። ወደድኳት ስል ደግሞ እንደ ካቴናው ምርጫ የሚያከራክር አልነበረም፤ እህል አስጠልቶኛል። አባቷ ሐጂ ዑመር ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ጨርቅ ይነግዳሉ። እሳቸውም የድሬዳዋ ሰው ናቸው። ሐጂ ዘር አይጠይቁም፣ ሀብት አይጠይቁም። የሚፈሩት አንድ ነገር ነው፤ የሚሄድ ሰው። በዚህ ከተማ የእኛ አገር ልጅ ይመጣል፣ ጥላ ሥር ጥቂት ይቀመጣል፣ አንድ ማለዳ ሲፈልጉት ባሕሩን ተሻግሮ የመን ገብቷል፤ ከዚያም ወደ ዓረብ አገር። የሰሚራ ታላቅ እህት ባል እንዲያ አድርጎ ነው የሄደው። ለረመዳን እመለሳለሁ አለ። ስልኩ መጀመሪያ ሳሳ፣ ከዚያ ቀረ። ልጅቱ አሁንም አባቷ ቤት ናት። ስለዚህ ሐጂ ሰሚራን ለተላላፊ አልሰጥም ብለዋል። ሰሚራም አባቴ እንቢ ካለ አበቃ፣ ከቃሉ አልወጣም ብላኛለች። እንግዲህ ዕድሌ ያለው በአንድ የሽማግሌ ጉዞ ላይ ነው።

ዓርብ ከዐስር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቼ በጋሽ ኢድሪስ መሪነት ሄዱ። ጋሽ ኢድሪስ ያላስታረቀው ባልና ሚስት፣ ያላስማማው ጎረቤት የለም። የእኔ ድርሻ ቤቴ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነበር። ወጉም ይኸው ነው፤ ሽማግሌ የተፈጠረው ልጁ አፉን እንዳይከፍት ነው። እኔም ሽርጤን አገልድሜ፣ ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ ቁጭ አልኩ። ደቂቃው ግን አልሄድ አለኝ። በበራፋቸው ባልፍ፣ ጫማቸው ውጭ ከተደረደረ ወሬው አላለቀም፣ ከሌለ ተባረዋል ብዬ አሰላሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብዬ፣ ማንም ሳያየኝ አልፋለሁ አልኩ። ሱሪ ልቀይር? ለአንድ ጊዜ ምን አስቸገረኝ!

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያለው ሰው ፒኞን ፊክስ ነድቶ አያውቅም።

ለካ መብራት ጠፍቶ፣ ቤቱ ቢግል ጊዜ፣ ሐጂ እንግዶቻቸውን ወደ ጎዳናው በረንዳ አውጥተዋቸዋል። በኋላ እንደሰማሁት፣ ጋሽ ኢድሪስ ልክ በዚያች ቅጽበት ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ሐጂ፣ ይህ ልጅ የረጋ ነው። የትም አይሄድም። ካስቀመጡት ቦታ አይነሳም» እያለ ነበር። እኔ አለፍኩ። ሐጂ ከግራ እስከ ቀኝ በዓይናቸው ሸኙኝና፣ «ያ ልጁ አይደለም እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ ኢድሪስ ዓይኑን ሳያርገበግብ «ይመለሳል» አለ።

ተመለስኩ። ከጎዳናው ጫፍ የውኃ ቦቴ መንገዱን ዘግቶ ስለነበር ከመመለስ በቀር ምርጫ አልነበረኝም። ጋሽ ኢድሪስ «አላልኩም?» ሲል እኔም ሰማሁት። ድምፁ ሲያስደነግጠኝ ነጠላ ጫማዬ ከፔዳሉ አዳለጠኝ፤ ፔዳሉ ብቻውን ተሽከረከረ፤ ካቴናው የሽርጤን ጫፍ ያዘ። ተራ ብስክሌት ቢሆን እግር አቁሞ ጨርቁን መንጨቅ ይቻላል። ይኼኛው መቆም የሚባል ነገር አያውቅማ! ጎማው እየሄደ፣ ካቴናው እየጎረሰ፣ እኔ ከወገቤ በታች እየተራቆትኩ እስከ ሐጂ ደጃፍ ደረስንና ወደቅን። ያለ ፍሬን መቆም እንደሚቻል ስንት ሰው ተከራክሬያለሁ፤ ይኸው ቆምኩ። ከውስጥ የኳስ ቁምጣ ለብሼ ነበር። አላህ ሳይደግስ አይጣላም።

ሐጂ ከበረንዳው ወረዱ። መሬት ላይ ተጋድሜ፣ ወገቤ ከብስክሌቱ ጋር እንደታሰረ፣ ሰላምታዬን አቀረብኩ። ሙሉውን መለሱልኝ። ከዚያ ብስክሌቱን በዓይናቸው ዞሩትና ፍሬኑ የት አለ አሉ። የለውም ሐጂ አልኩ። ወድቆ ነው ወይ አሉ። አይ፣ እኛው አውጥተነው ነው አልኩ። ማን አስገደዳችሁ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ሌላውን ያሳመንኩበት ምክንያት አንድ እንኳ ትዝ ሊለኝ አልቻለም።

የጨርቅ ነጋዴ መቀስ አያጣምና ሐጂ ከኪሳቸው አወጡ። አጎንብሰው ሽርጤን መቁረጥ ሲጀምሩ እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ሐጂ፣ ካቴናውን እንዳይጭሩት፣ ወርቃማ ነው» አልኳቸው። ጋሽ ኢድሪስ ዓይኑን ጨፈነ። ሰሚራ በመስኮት ቆማ መጋረጃውን አፏ ላይ ይዛለች። የምታለቅስ መሰለኝ።

ሐጂ ጨርቁን ቀጥ አድርገው ቆርጠው ጨረሱ። ብስክሌቱን እየጎተትኩ፣ በቁምጣ፣ የሽርጤን ግማሽ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ወደ ቤቴ ሄድኩ። መንገድ ላይ የሚያውቁኝ ሁሉ ሰላም አሉኝ፤ በዚህ ከተማ ሰው ሰላምታ የሚያበዛው ባልተፈለገ ሰዓት ነው። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ብስክሌቱን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ሰሚራን አጣኋት ብዬ ነበር። ሰው ሳያየኝ እንባዬ ወረደ።

ከመግሪብ በኋላ ጋሽ ኢድሪስ ብቻውን መጣ። ተቀመጥ ብለው አልቀመጥም አለ። ውኃ ጠየቀ፣ ጠጣ፣ ደገመ። ከዚያ የሆነውን ነገረኝ። እኔ ከሄድኩ በኋላ ሐጂ መቀሱን ወደ ኪሳቸው መለሱ አለኝ። ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን ሊያጠልቁ ተነሡ። ያን ጊዜ ሐጂ ቁጭ በሉ አሏቸውና እንዲህ አሉ፦

«ኢድሪስ፣ እኔ የፈራሁት ልጁ ባሕር ይሻገራል ብዬ ነበር። አቦ ይሄ እንኳን ባሕር፣ ካርቲየ ስድስትን መሻገር አቅቶታል። ሰጥቻለሁ።»