መክሊትን ሳትመረቅ ‹‹ዶክተር›› ያሏት ሰው

በየከተማው፣ ነገሩ ገና ሳይሆን ‹‹ሆነ!›› ብሎ የሚያውጅ ሰው አይጠፋም። ልጅቷ ሳትጠየቅ ሠርጉን፣ ቧንቧው ሳይዘረጋ ውሃውን ያበስራል። አሰላ ላይ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር አቶ እንደሻው ናቸው። ከመዝገብ ቤት ሥራቸው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሌላ ሥራ የላቸውም። አንድ ጊዜ ‹‹ውሃ ዛሬ ይለቀቃል፤ ያለቀ ነገር ነው!›› ብለው መንደሩን ሙሉ ከነጄሪካኑ አሰልፈው አዋሉት። ውሃው የመጣው በሦስተኛው ሳምንት ነው። እሳቸው ግን ‹‹አላልኳችሁም?›› ከማለት ወደኋላ አላሉም።

መክሊት የእኚህን ሰው ጓሮ ክፍል የተከራየችው ይህን ሁሉ ሳታውቅ ነው። ከደብረ ብርሃን ተመድባ አሰላ ኮሌጅ ውስጥ የፋርማሲ ትምህርት የምታስተምር፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ደግሞ ለዶክትሬት ትምህርቷ አዲስ አበባ የምትመላለስ ወጣት ናት። ዕቃዋን ስታወርድ አቶ እንደሻው የፍራሿን አንድ ጫፍ ይዘው ጠየቋት።

‹‹ምንድን ነው የምትማሪው ልጄ?››

‹‹የመድኃኒት ምርምር ነው ጋሼ። ማንኪያ ውሃ ላይ ሲያደርጉት የሚሟሟ የሕፃናት ኪኒን እየሞከርኩ ነው። እናቶች የአዋቂውን ሰባብረው ሲሰጡ ግማሹ ይባክናል። ኪኒኑን ውሃ ውስጥ የሚያፈርሰው ዱቄት ደግሞ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ እሱን ከአርሲ ገብስ ላወጣው...››

‹‹ከገብስ!›› ፍራሹን ለቀቁት። ‹‹ያለቀ ነገር ነው! ዶክተር ነኝ አትይኝም ታዲያ?››

‹‹ኧረ ገና ነኝ ጋሼ! ቢያንስ ሦስት ዓመት...››

ማን ሰምቷት! በማግስቱ የባጃጅ ሾፌሩ ‹‹ዶክተር፣ ከፊት ይግቡ›› አላት። በሳምንቱ ባለሱቁ ነስረዲን ‹‹የገብሱ መድኃኒት ለስኳር በሽታም ይሆናል እንዴ?›› ሲል ጠየቃት። በወሩ ወሬው ሮቤ ደርሶ፣ ለወገብ ሕመምም ፍቱን ነው ተብሎ ተመለሰ።

ሥራው ግን እንደ ወሬው አልቀና አለ። እንዲህ ያለ ኪኒን በሦስት ደቂቃ ውስጥ መሟሟት አለበት። የመክሊት ኪኒን አንድ ቀን በአርባ ሰከንድ ይፈርስና በደስታ ያዘልላታል፤ በሳምንቱ በዚያው ማሽን፣ በዚያው አሠራር ተሠርቶ ስምንት ደቂቃ ሙሉ እንደ ጠጠር ብርጭቆው ውስጥ ቁጭ ይላል። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

‹‹ገብሱን ከየት ነው የምትገዢው?›› አሏት አማካሪዋ ፕሮፌሰር።

‹‹ከገበያ። ከእርሻ ምርምር ጣቢያም ሁለት ዝርያ ወስጄ ነበር፤ እነሱ ደግሞ ቶሎ አያፈርሱትም።››

‹‹የገበያው የአሥር ማሳ ድብልቅ ነው። ያልተቀላቀለና የሚሠራ ዘር እስከ ሰኔ ካላገኘሽ ርዕስሽን እንቀይራለን።››

ግንቦት ውስጥ አንድ ጠዋት የግቢው በር ተንኳኳ። ሙቢና የምትባል የሲሬ ገበሬ ናት፤ የሦስት ዓመት ልጇን አዝላለች። ሕፃኗ በትኩሳት ትነድዳለች።

‹‹የገብሷ ዶክተር አንቺ ነሽ? ኦቦ እንደሻው ‹መድኃኒቱ ወጥቷል› ብለው ገበያ ላይ ተናግረዋል። ጤና ጣቢያውን ትቼ፣ ሁለት ቀን መኪና ጠብቄ ወዳንቺ መጣሁ።››

መክሊት ክው አለች። እናትና ልጅን ባጃጅ ላይ አሳፍራ በቀጥታ ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ሐኪሙ የሳንባ ምች መሆኑንና አንድ ቀን ቢዘገይ ሕፃኗ ታልፍ እንደነበር ነገራት። ስትመለስ አቶ እንደሻውን በራፋቸው ላይ አገኘቻቸው።

‹‹ጋሽ እንደሻው፣ ልጅቷ ልትሞት ነበር! በእርስዎ ወሬ!››

አቶ እንደሻው ባርኔጣቸውን አንስተው እየተቻኮሉ ወደ ሆስፒታሉ ሄዱ፤ ሦስት ቀን ከሕፃኗ አልጋ አልተለዩም። ትኩሳቱ ሲበርድላት ሙቢና ‹‹ዳነች እኮ ኦቦ!›› ብትላቸው እንኳ ‹‹እስቲ ሐኪሙ ይበል›› አሉ። ቤታቸው ተመልሰውም ሐኪም ሳያይ፣ መክሊት ሳትፈቅድ ስለ መድኃኒት አንዲት ቃል እንደማይተነፍሱ ማሉላት።

በሁለተኛው ሳምንት ሙቢና ልጇን በእግሯ እያስኬደች፣ አንድ ኬሻ ገብስ በባጃጅ አስጭና መጣች።

‹‹ገለቶሚ›› ብላ አመሰገነቻት። ‹‹ሌላ የምሰጥሽ የለኝም። ይኼ ከአማቴ የተረከብኩት ዘር ነው፤ ለብቻው ነው የምንዘራው፣ ከሌላ አንቀላቅለውም። በሶው ውሃ ሲነካው ወዲያው ይበተናል።››

‹‹ወዲያው?›› መክሊት እጇን ኬሻው ውስጥ ከተተች።

ከገብሱ ስታርቹን፣ ያን ኪኒን የሚያፈርሰውን ዱቄት፣ አወጣች፣ አደረቀች፣ ነፋች፣ ቀመመች። በአሥረኛው ቀን የመጀመሪያውን ኪኒን ውሃ ውስጥ ጥላ ስልኳ ላይ ሰዓት ያዘች። ሃያ ስምንት ሰከንድ! አላመነችም። ሁለተኛው ሃያ ስድስት። ሦስተኛ፣ አራተኛ... ስድስቱም ከሠላሳ በታች! ጋዋኗን ሳታወልቅ፣ የፀጉር መሸፈኛዋን እንዳደረገች ከቤተ ሙከራው ወጥታ በአሰላ አስፋልት ላይ ሮጠች።

‹‹ጋሼ! ሃያ ስምንት ሰከንድ! ስድስቱም ፈረሱ!››

አቶ እንደሻው ብድግ አሉ። ፊታቸው በራ። ‹‹ያለ...›› ብለው ጀምረው ምላሳቸውን ነከሱ። ‹‹ለሰው ይነገራል?››

‹‹አይነገርም። ገና ብዙ ሙከራ አለበት፤ የእኔም ፈተና አለ።››

‹‹እሺ›› አሉ።

ዓመት ተኩል ቻሉት። በዚህ መሀል ከሱ። ነስረዲን ‹‹የገብሱ ነገር እንዴት ሆነ?›› ካላቸው የገዙትን ትተው ይወጡ ነበር። መክሊት ከአዲስ አበባ በተመለሰች ቁጥር በር ላይ ቆመው ይጠብቋታል፤ አይጠይቋትም፣ ዓይን ዓይኗን ያያሉ።

የመመረቂያ ፈተናዋ ቀን ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከሙቢና ጋር አዲስ አበባ ገቡ። ከፈታኞቹ አንዱ ‹‹ይህን ዘር እንዴት መረጥሽው?›› ሲላት መክሊት ወደ ሁለቱ ዞረች።

‹‹እኔ አልመረጥኩትም። ያቆየችው ሙቢና ናት። ሙቢናን ወደ እኔ ያመጣት ደግሞ ሊወራ የማይገባው ወሬ ነው።››

አዳራሹ ሳቀ። አቶ እንደሻው አንገታቸውን ደፉ።

ፈታኞቹ ሊመክሩ ሲቀመጡ ሁሉም ወደ ኮሪደሩ ወጣ። መክሊት አግዳሚው ላይ ከአቶ እንደሻው ጎን ተቀመጠች።

‹‹ምን ይመስልዎታል ጋሼ?››

‹‹እኔንጃ ልጄ›› አሉ፣ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው እየጠመዘዙ። ‹‹እኔ አውቄ ተናግሬ አላውቅም እኮ። እንዳይቀር ስፈራ ነው ‹ሆነ!› የምለው።››

መክሊት እጃቸውን ያዘች። ስትቆጣቸውም፣ ስትሸሻቸውም በኖረችባቸው ዓመታት ሁሉ የእሷን ፍርሃት አብሯት ሲፈራ የከረመ ሰው አጠገቧ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባት።

በሩ ተከፈተ። ‹‹ዶክተር መክሊት፣ ይግቡ!››

ሙቢና እልልታዋን አቀለጠችው። አቶ እንደሻው ግን አልጮኹም፤ ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፍነው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ሲጮህ መክሊት አውጥታ አነሳችው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ተሻለች ናቸው፣ ከአሰላ።

‹‹ምን ሆነ? ለምንድን ነው ዝም ያለው ይኼ ሰውዬ?››

‹‹እሳቸውማ መናገር አቅቷቸዋል እማማ!›› አለች መክሊት፣ ኮሪደሩ ላይ ያለው ሁሉ ዞሮ እስኪያያት እየጮኸች። ‹‹ለሁሉም ይንገሩልኝ፤ አልፈናል! አልፈናል!››