ስሙን የዋጠው መብራት

ብርሃንን ከጨለማ ለይቶ ለሁለቱም ስም ላወጣላቸው ጌታ ምስጋና ይድረሰውና፣ ወጌን ልጀምር።

የቀደመው ሰው መብራት የሚያበራው ሊያይ ነበር። የዛሬው ሰው ግን መብራት የሚገዛው አጥርቶ እንዳያይ ነው፤ ይህንንም «ለስለስ ያለ ብርሃን» ይለዋል። ለመሆኑ ብርሃን ማንን ቢያስቀይም ነው እንዲለሰልስ የሚፈረድበት?

የምኖረው ጂዳ፣ የአውሮፕላን መሐንዲስ ከሆነው ልጄ ከዮሐንስና ከሚስቱ ጋር ነው። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት አገር የጸሎት ቦታዬ መስኮቷ ወደ ምሥራቅ የሚያይ አንዲት ክፍል ነበረች። ዮሐንስ ጆተኒና ትልቅ ስክሪን አስገብቶ የጨዋታ ክፍል አደረጋት፤ መስኮቷንም በወፍራም መጋረጃ ጋረዳት። ታገሥሁ። በታቦት ፊት ሲቆም ያረጀው እግሬ በጆተኒ ፊት ቆመ።

ከዚያ ሰይድ መጣ። ሰይድ መካ፣ ዛሂር በሚባል ሰፈር የሚኖር፣ ለሥራ ወደ ጂዳ የሚወርድ የወሎ ልጅ ነው፤ ሙያው ኤሌክትሪክ። የጣሪያውን ነጭ አምፖል ነቅሎ ቀዳዳውን በጂብሰም ደፈነና፣ በግድግዳው ጥግ ሁሉ እንደ ጥብጣብ የሚለጠፍ መብራት ዘረጋ። «ኸላስ፣ አለቀ አባባ፣ ጀነት አደረግንልዎ!» አለኝ። ጀነቱ ቀይ ነበር። እኔ የተማርሁት ቀዩ ሌላኛው እንደሆነ ነው።

በማግሥቱ የጸሎት መጽሐፌን ገለጥሁ። ጥቁሩ ጽሕፈት በቦታው አለ፤ የእግዚአብሔር ስም ግን የለም። ሌላ ገጽ ገለጥሁ፤ የእመቤታችንም ስም የለም፤ ስፍራው ባዶ ወረቀት ነው። ኃጢአቴ ቢበዛ ስሙን ሸሸገኝ ብዬ ልጄን ጠራሁት። ዮሐንስ ከስክሪኑ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል «የዓይን ሞራ ነው አባባ፣ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አለ። የተረፈ ገመድ ሊወስድ የመጣው ሰይድ ግን ቀረብ ብሎ አየና «ወላሂ ባዶ ነው!» ብሎ እስከ በሩ አፈገፈገ፤ መብራት ከመለጠፍ በቀር እጁ እንደሌለበትም ማለልኝ።

ለምራቴ ላሳያት መጽሐፉን ይዤ ነጭ አምፖል ወደሚበራበት ወጥ ቤት ስገባ፣ ስሞቹ ሁሉ ተመለሱ! ያን ጊዜ ገባኝ። በእኛ መጻሕፍት ቅዱሳት ስሞች የሚጻፉት በቀይ ቀለም ነው። በቀይ መብራት ወረቀቱ ራሱ ቀልቶ ሳለ፣ ቀይ ቀለም ከወዴት ይታያል?

ሰይድ ሪሞቱን ነካክቶ ክፍሉን አረንጓዴ አደረገው። አሁን ስሙ ታየ፤ ነገር ግን በጥቁር ከሚጻፈው ከሰይጣን ስም እኩል ጠቆረ። በቀዩ ስሙ ጠፋ፣ በአረንጓዴው ክብሩ ጠፋ አልሁት። «ነጭም እኮ አለው አባባ» አለ። ዮሐንስ «ድባቡ ይበላሻል!» ብሎ ጮኸ። በብዙ ሙግት፣ በጸሎት ሰዓት ሪሞቱ በእጄ እንዲሆን ተፈረደልኝ።

አሁን ዮሐንስና ጓደኞቹ ማታ ለጨዋታ ሲሰበሰቡ፣ ነጩ ብርሃን ስክሪኑ ላይ ስለሚያንጸባርቅ፣ ጸሎቴን እስክፈጽም በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ልጄን ለጸሎት ማቆም ዘመኔን ሙሉ አቅቶኝ ነበር፤ ጥብጣቡ አቆመልኝ። እንድፈጥንላቸውም ባረፍሁ ቁጥር «አሜን!» እያሉ ያስተጋባሉ። እንዲህ ያለው አሜን በሰማይ ይቆጠር እንደሆነ መጻሕፍቴን ባገላብጥ አላገኘሁም። ምናልባት በቀይ ተጽፎ ይሆናል።

ለሰማችሁኝ ሁሉ፣ ስሙ የማይጠፋበትን ብርሃን በየቤታችሁ ያኑርላችሁ።