ለሮኬቱ የተባለ አሜን

ጥያቄን በምርቃት የሚያመልጥ ስብሰባ መሪ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ያየሁት እዚሁ አገራችን ድብ ባሕር ነው። አንድ ኩባንያ ከደጋችን ላይ ሮኬት ሊያስወነጭፍ ስላሰበ፣ በአካባቢው ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት አስተያየት ስጡ ተብለን ተጠራን። መሪው ከረፋድ እስከ ቀትር ስለ ልማት ብቻውን ተናገረ። በመጨረሻ አያ ደሴ የሚባሉ አዛውንት ገበሬ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ሸጋ ብለሃል። ሮኬቱ የከሸፈ እንደሆነ የሚወድቀው የማን ማሳ ላይ ነው?»

«ጥሩ ግብዓት ነው፣ ይያዛል» አለ መሪው ሰዓቱን እያየ። «አሁን ጊዜ ስለሌለን፣ አባቴ፣ መርቀው ይዝጉልን።»

መርቁ ሲባል እንቢ ይባላል እንዴ? አያ ደሴ ተነሱ። «ከሰማይ ከሚወርድ መዓት ይሰውረን» አሉ። ክርስቲያኑም እስላሙም «አሜን» አልን፤ አዳራሹ ተናወጠ።

በማግስቱ ሬዲዮ ከፈትሁ። ነዋሪው ሮኬቱን በአንድ ድምፅ ደገፈ ይላል። ለማስረጃ ያሰሙት ድምፅ የእኛው አሜን ነው፤ ለካ ቀድተውት ኖሯል።

ይኸው ዛሬ ሠርግ ቤት እንኳ ሽማግሌ ሲመርቅ፣ መቅጃ የያዘ ሰው አለመኖሩን ሳናጣራ አሜን አንልም። ዝምታችንን ደግሞ እግዜር በምን እንደሚቆጥረው እንጃ።