ከተማዋ ክፍለ ከተማ የሆነችበት ሰው

እኛ ሰው ስንተዋወቅ ከስም ቀጥለን «አገርህ የት ነው?» እንላለን። ቀላል ጥያቄ ይመስላል። እስቲ እኛ ቤት መጥታችሁ ጠይቁ! አባቴ በአውራጃ ይመልሳል፤ ታላቅ ወንድሜ በክፍለ ሀገር፤ ታናሽ እህቴ ደግሞ በዞን። ሦስቱም የተወለዱት አንድ ቤት ውስጥ፣ ያውም አንድ አልጋ ላይ ነው። አልጋው ንቅንቅ ሳይል አገሩ እየተነሣ ሄደባቸው። እንዲህ ያለው ጣጣ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ሚስተር ፓርክ ከሚስቱ ጋር እስኪጣላ ድረስ።

ሚስተር ፓርክ እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ላውንደሪ ያለው ኮሪያዊ ነው። እኔ ካውንተር ላይ እሠራለሁ። ከኋላዬ፣ ስፌት መኪናው ላይ፣ እትዬ ዘይነባ አሉ፤ የደሴ ሴት ናቸው። ቀኑን ሙሉ የሰው ሱሪ ያሳጥራሉ፤ ያላጠረው ምላሳቸው ብቻ ነው።

ሚስተር ፓርክ የተወለደው ማሳን በምትባል የወደብ ከተማ ሲሆን ሚስቱ የጎረቤቷ የቻንግዎን ልጅ ናት። በፈረንጆች 2010 ሰመር ላይ የአገራቸው መንግሥት ሁለቱን ከሌላ ሦስተኛ ከተማ ጋር ቀላቀለና «ከዛሬ ጀምሮ ሁላችሁም ቻንግዎን ናችሁ» አለ። ማሳን ለሁለት ተከፍላ ክፍለ ከተማ ሆነች። ከተማ የነበረች ክፍለ ከተማ! ሚስተር ፓርክ ዜናውን ያነበበ ዕለት ካውያውን የደንበኛ ሸሚዝ ላይ አስቀምጦ ፈዞ ቀረ። ስለ ሸሚዙ አትጠይቁኝ።

ነገሩ በረደ ስንል የልጃቸው የግሬስ ሰርግ ደረሰ። እናትየው ባዘጋጀችው የጥሪ ካርድ ላይ ቤተሰቡ «ከቻንግዎን፣ ኮሪያ» ተባለ። ሚስተር ፓርክ እስክሪብቶ አነሣና ሰረዘው።

«እኔ እዚያ አልተወለድኩም!»

«አሁን ስሙ ይኼ ነው» አለችው።

«እንግዲያው ልጅሽን ብቻሽን ዳሪ፤ እኔ አልገኝም።»

ሴትየዋ ሻንጣዋን ይዛ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ፣ እህቷ ዘንድ ገባች። ግሬስ በማግስቱ ሱቁ መጥታ ካውንተሩ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ እትዬ ዘይነባ መቀሳቸውን አስቀመጡ።

«እነዚህ ሰዎች ሽማግሌ የላቸውም እንዴ?»

«እዚህ አገር ያለው ጠበቃ ነው፣ እትዬ።»

«እንዲያ ከሆነማ መኪናህን አስነሣ!»

ለሚስተር ፓርክ ሽምግልናን ማስረዳት ቀላል አልነበረም። «ተቀምጠህ ትቆጣለህ፤ ሌላው ሲቆጣ ትሰማለህ፤ ከዚያ ትታረቃለህ» አልኩት። ለልጁ እንባ ሲል እሺ አለ። እሑድ ዕለት አባትና ልጅን ከኋላ፣ እትዬን ከፊት ጭኜ፣ ቀለበት መንገዱን፣ ቤልትዌዩን ይዤ፣ የወንዙን ድልድይ ተሻግረን አሌክሳንድሪያ ገባን። እትዬ ዘይነባ በባልና ሚስቱ መሐል ተቀመጡ፤ እኔ የእንግሊዝኛ አስተርጓሚ ሆንኩ።

«ነገሩን ከሥሩ ንገረኝ» አሉት።

ከካርዱ የሚጀምር መስሎኝ ነበር። እሱ ከነገሥታቱ ጀመረ! ድሮ ኡይቻንግና ሆዌዎን የሚባሉ ሁለት ወረዳዎች ነበሩ። ንጉሡ አዋሐዳቸውና ከአንዱ ስም «ቻንግ»ን፣ ከሌላው «ዎን»ን ቆርጦ ቻንግዎን ብሎ ሰፋው። («እንደ ሱሪ!» አሉ እትዬ።) ማሳን ያኔ በቻንግዎን ሥር ያለች የባሕር ዳር መንደር ነበረች። ወደቡ ተከፈተ፤ ጃፓኖች ገዙ፤ መንደሯ አደገችና የከተማነቱን ስም ወሰደች። ቻንግዎን ማለት በዙሪያዋ ያለው ገጠር ሆነ። ቆይቶ መንግሥት ያንን ገጠር አርሶ ፋብሪካ ተከለበት፤ የክፍለ ሀገሩንም ጽሕፈት ቤት ከቡሳን አምጥቶ እዚያው አስቀመጠ። ገጠሩ ከተማ ሆነ፤ ከተማዋንም ዋጣት። የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ!

«ታዲያ አያት ቅድመ አያትህ የቻንግዎን ሰዎች አልነበሩም?» አሉ እትዬ ዘይነባ።

ያኔ ሚስቱ፣ እስከዚያ ሰዓት መሬት መሬት ስታይ የቆየችው፣ ቀና አለች።

«ገጠር የሚለው የአባቴን የፍራፍሬ እርሻ ነው። ልጅ ሆኜ ፍሬ ተሸክሜ ማሳን ገበያ ስገባ፣ የከተማው ልጆች የጫማዬን ጭቃ እያዩ ‹ቻንግዎን! ቻንግዎን!› ይሉኝ ነበር። ስም አልነበረም፤ ስድብ ነበር። ይኼም ሰውዬ ካገባኝ በኋላ ሾርባው ጨው ሲበዛበት ‹አይ ቻንግዎን!› ይለኛል። እርሻው ዛሬ የለም፤ መንገድ ሆኗል። የቀረኝ ስሙ ነው። አንድ ቀን በክብር ካርድ ላይ ቢወጣልኝ ምን አለበት?»

መተርጎሜን ረሳሁ። ግን እትዬ ዘይነባ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም፤ ተነሥተው አጠገቧ ተቀመጡና እጇን ያዙ።

ሚስተር ፓርክ ብድግ አለ። በአገሩ ደንብ ለሚስቱ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«ቀልድ መስሎኝ ነበር» አለ። «ቻንግዎን ይጻፍ።»

«ማሳንም ይጻፍ» አለች፣ እንባዋን እየጠረገች።

አልሐምዱሊላህ ብለን ልንነሣ ስንል ማን ይቅደም በሚለው እንደገና ተጣሉ! በስተመጨረሻ ግሬስ ጮኸች፤ «ማም! ዳድ! እኔ የተወለድኩት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው!» ካርዱም «ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ» ተብሎ ታተመ።

በሰርጉ ዕለት አባትየው ልጁን ክንዷን ይዞ አስገባ። ሁሉ አምሮ ሳለ በካውንቲው፣ በወረዳው አስተዳደር ቢሮ፣ የሚሠራው ሙሽራ ማይክሮፎን ጨበጠ። የካርዱን ወሬ ሰምቶ ኖሮ «በሕግ ከሄድንማ ሲልቨር ስፕሪንግም ከተማ አይደለችም» አለ። «ከንቲባ የላት፣ ማዘጋጃ ቤት የላት፤ ካውንቲው ነው የሚያስተዳድራት።»

እንግዳው ሳቀ። ሚስተር ፓርክ አልሳቀም። እኔና እትዬ ዘይነባ ተያየን፤ እንደገና ወደ አሌክሳንድሪያ ልንነዳ ነው አልኩ በሆዴ። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ጥቂት አሰበና ወደ ሚስቱ ዞረ። ፊቱ ቀስ በቀስ በራ።

«እንግዲያው ከማንም ጋር ሊቀላቅሏት አይችሉም!»