ጎረቤት የሌለው ማማ

ባሕር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ግን ሥዬዋለሁ። መልአክ የሚሥሉትስ መች አይተው ነው?

ሥራዬ ልደታ ፍርድ ቤቱ አካባቢ የጠበቃ ቢሮ ማስታወቂያ መጻፍ ነው። ቀኑን ሙሉ ሚዛን ስሥል እውላለሁ፤ ሰልችቶኛል። እናም ለፍቅረኛዬ ለቤዛ አባት ሽማግሌ ልልክ ሳስብ፣ ይዘውት እንዲሄዱ ማዕበል መሀል የቆመ፣ በሌሊት ለመርከብ መንገድ የሚያሳይ የመብራት ማማ ሣልኩ። ባሕሩ የኑሮ ፈተና፣ ማማው እኔ! ይህንን ለዋናው ሽማግሌ፣ ለጎረቤቴ ለጋሽ ተካ አስረዳሁ። ሰምተው ሲያበቁ ሽማግሌ ሥዕል ተሸክሞ ሲሄድ አይተው እንደማያውቁ ነገሩኝና በጋዜጣ ጠቀለሉት።

እሁድ ሄዱ። እኔ ሜክሲኮ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ ጥፍሬን በላሁ። አባቷ አቶ ደምሴ ከመዝገብ ቤት ጡረታ የወጡ፣ ከእኔ በፊት ሁለት ጠያቂ የመለሱ ሰው ናቸው። ቤዛን ከከለከሉኝ አለቀልኝ።

የሆነውን ጋሽ ተካ ነገሩኝ። አቶ ደምሴ ሥዕሉን እንደ ማስረጃ አገላብጠው መረመሩት። ይህ ቤት ጎረቤት የለውም? ሰውየው ቢሞት ማን ይቀብረዋል? ድንኳንስ የት ይተከላል? ልጄን ለብቸኛ ሰው አልሰጥም ብለው መለሱት።

ጋሽ ተካን ላብ አጠመቃቸው። የኑሮ ፈተና ነው እንዳይሉ፣ የሴት ልጅ አባት ፊት ፈተና አይወራም።

«ኧረ ቤት አይደለም! የውሃ ታንከር ነው» አሉ።

በእነ ቤዛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው፤ እሱም ከመጣ። አቶ ደምሴ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ይሄ ሁሉ ውሃ የልጁ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ጋሽ ተካ፣ በገዛ እጁ ነው የሠራው አሉ። አልዋሹም እኮ!

ቤዛን ሰጡኝ።

ከሠርጉ በኋላ አማቼ የሚታጠብ ሦስት ብርድ ልብስ ተሸክመው ቤቴ ከች አሉ። ታንከሩ የታለ? እውነቱን ተናዘዝኩ። ልጃቸውን ይዘው የሚመለሱ መሰለኝ። እሳቸው ግን በሩን ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ እኔ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቻለሁ። ቅዳሜ ምንጣፋቸውን ይዘው ይመጣሉ። በል ቶሎ ብለህ ሌላ ሣል፤ ታንከሩ ተሰንጥቆ፣ ውሃው ሲፈስ የሚያሳይ።»

ሣልኩ። ቅዳሜ ሰፈርተኛው ምንጣፉን እንደተሸከመ ሥዕሉ ፊት ቆሞ እንባውን አፈሰሰ። በሥዕሌ ሰው ሲያለቅስ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።