የእሳት ምድጃ በሸዋሮቢት

እኛ ሸዋሮቢቶች ፍየል ስንገዛ አፏን ከፍተን ጥርሷን እናያለን፣ ወገቧን እንጨብጣለን፣ ዞር አድርገን ከኋላ እንመለከታታለን፣ «ታስላለች እንዴ?» ብለን እንጠይቃለን። ዌብሳይት ሠሪ ስንመርጥ ግን የምናየው የልጁን አባት ነው! አባቱ ደህና ሰው ከሆነ... አለቀ፤ ልጁ ኮምፒውተር ያውቃል ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቴ ያልጣማችሁ ገልብጣችሁ የስፖርቱን ገጽ አንብቡ።

የምሠራው አክስቴ እትዬ ዘነቡ ሆቴል ውስጥ ነው፤ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። እንግዳ ተቀባይ ልበል እንጂ ዘንድሮ የምቀበለው ዝንብ ነው። የደሴ አውቶቡስ ሕዝቡን ምሳ አብልቶ ይዞት ይበራል። የከባድ መኪና ሾፌሮች መኪናቸው ውስጥ መተኛት ለምደዋል። ፎቅ ላይ ያሉት አዳዲስ ክፍሎች አንሶላቸው እንደተነጠፈ አቧራ ይጠጣል። በመጨረሻ እትዬ ጠራችኝና ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ፣

«እስከ ፍልሰታ አያለሁ፤ ሰው ካልመጣ ግን ማጀቴ ከተማ ለእናትሽ እመልስሻለሁ» አለችኝ።

እንደ ተዋሰችው ሰፌድ! ማጀቴ ብመለስ ምን እንደሚጠብቀኝ ደግሞ አውቃለሁ። ቀን ቀን እናቴ ማሾ ታስለቅመኛለች፤ ማታ ማታ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ባል ይመርጥልኛል።

በዚህ መሃል ነው አንዲት ሴትዮ ከአዲስ አበባ የደወለችው። ሠልጣኞች ይዛ ወደ እኛ አካባቢ ልትመጣ ነው፤ አንድ ሳምንት ሙሉ የሚያርፉበት ትፈልጋለች። ልቤ ዘለለ።

«የሆቴላችሁን ዌብሳይት ላኪልኝና አይተን እንወስናለን» አለችኝ።

ዌብሳይት! እኛ ያለን በር ላይ የተንጠለጠለ ሰሌዳ ነው፤ እሱም ግማሹ ፊደል ረግፏል። «እየታደሰ ነው፣ እንዳለቀ እልካለሁ» ብዬ ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ።

ያኔውኑ ትዕግሥትን ጠራኋት። አብረን የተማርን፣ ደብረ ብርሃን ላይ ለሱቆች ዌብሳይት የምትሠራ ልጅ ናት። መጣች፣ ተቀመጠች፣ ደብተሯን አወጣችና መጠየቅ ጀመረች።

«እትዬ፣ እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት ምንድን ነው?»

«ቬንትሌተር አለ ወይ ይላላ! ሌላ ምን ይላል በዚህ ሙቀት?»

«ስልክ የሚያነሳውስ ማን ነው? ክፍሎቹን ላያቸው እችላለሁ? የሠራሁላቸውን ሰዎች ስልክ ልስጥዎት፣ ደውለው ይጠይቁ። ሲያልቅ ደግሞ የይለፍ ቃሉን ለእርስዎ ነው የማስረክበው።»

የእትዬ ግንባር እንደ ደረቀ ቃሪያ ተጨማደደ። ልጅቷ እንደወጣች፣

«የሚያውቅ ሰው እንዲህ ይጠይቃል?» አለችኝ። «ልትሠራልኝ ነው ወይስ ልትመረምረኝ? ደሞስ የማን ልጅ ናት?»

የማን ልጅ ናት! ስሟን እንኳ አልጠየቀቻትም።

ጉዳዩ ወደ ሚካኤል ማኅበር ሄደ። አዎ፣ ወደ ጽዋ ማኅበር! እኛ ዘንድ ጥርስ ማስነቀልም፣ ልጅ መዳርም፣ ጣሪያ መቀየርም ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ከተቀዳ በኋላ ነው የሚወሰነው። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የምንላቸው ጋሽ ተፈራ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ምን አስጨነቀሽ ዘነቡ? የኔው ልጅ ሄኖክ አለ አይደል? ደብረ ሲና ላይ ለትልቅ ሆቴል ሠርቷል። የራሳችንን ልጅ ትተን ባዳ ፍለጋ?»

«እውነት ነው!» አሉ ሁሉም በአንድ አፍ። የሽንኩርት ነጋዴው ጋሽ በቀለ ደግሞ፣ «ለኔም ይሠራልኛል!» ብሎ እዚያው ተራ ያዘ። አንድም ሰው «ሥራውን አሳየን» አላለም። ጽዋው ወደ ተረኛው ቤት እንደሚሄድ ዌብሳይታችንም ወደ ሄኖክ ሄደ። መርቀው ሸኙት!

ሄኖክ በነጋታው መጣ። ሰው በካናቴራ በሚቀልጥበት ከተማ ኮት ለብሷል። ላቡ በአንገቱ እየወረደ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ።

«ክፍሎቹን ላሳይህ?» አልኩት።

«አያስፈልግም።»

«ቬንትሌተር እንዳለን...»

«እትዬ፣ ምንም አይስጉ፣ ለእኔ ይተዉት» አለና ፊቱን ከእኔ መለሰ። የእትዬን ፎቶ በጥበብ ቀሚስ አነሳ፣ ጥብሱን በላ፣ ሄደ። ደረጃውን አልረገጠም!

«አየሽ?» አለችኝ እትዬ በኩራት። «የሚያውቅ ሰው አይጠይቅም።»

ምርቃቱ በሚቀጥለው ማኅበር ሆነ። ሄኖክ ስልኩን ከፈተ፤ ከላይ የሆቴላችን ስም በወርቅ ቀለም፣ ከሥሩ እትዬ በጥበብ ቀሚስ ፈገግ ብላ... እልልታው ቀለጠ! ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እኔ ጋ ሲደርስ ገጹን ወደ ታች ላወርደው ጣቴን ስዘረጋ ጋሽ ተፈራ ጮኹብኝ።

«አንቺ ልጅ፣ አትነካኪው! ይበላሻል!»

«ከሥር ያለውን ልይ ብዬ ነው ጋሼ...»

«ከላይ ያለው መች አነሰሽ?»

ከሥር ያለውን ጽሑፍ ቤት ገብቼ በራሴ ስልክ አየሁት። ስሙኝማ፣ እንዲህ ይላል፦ «ከጣርማ በር ብርድ ለሚመጡ ውድ እንግዶቻችን የእሳት ምድጃ ያለው ሳሎን፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ቀንም ሌሊትም የሚፈላ ሙቅ ውሃ። ጉሙ በመስኮትዎ ሲገባ እያዩ ይዝናኑ!»

ጉም! ሸዋሮቢት! እኛ መስኮት የሚገባ ነገር ቢኖር የወባ ትንኝ ነው! ልጁ ለደብረ ሲናው ሆቴል የሠራውን ገልብጦ፣ የእትዬን ፎቶ ለጥፎበት አረፈው። ደወልኩለት።

«ሄኖክ፣ ምድጃ የለንም እኮ!»

«እሱ ዲዛይን ነው፣ አይገባሽም» ብሎ ዘጋው።

ወደ እትዬ ሮጥኩ። «እትዬ፣ የእሳት ምድጃ አለን ይላል!»

«ቢልስ? ያለን መምሰላችን ምን ይጎዳናል?»

እዚህ ላይ ምን ትመልሳላችሁ? ሊንኩን ለአዲስ አበባዋ ሴትዮ ላክሁት። ሴትዮዋም መልእክት መለሰችልኝ፦ «በጣም ወደነዋል! ዌብሳይቱ ላይ ባለው ስልክ ደውለን ሁሉን ነገር ጨርሰናል። ሰኞ እንመጣለን።» እኔ ከእትዬ ጋር የጨረሰች መሰለኝ፤ እትዬ ደግሞ ከእኔ ጋር።

ሰኞ ሆቴላችን ሠርግ ቤት መሰለ። በግ ታረደ፣ ቬንትሌተሮቹ አቧራቸው ተራግፎ መሽከርከር ጀመሩ፣ ውሃው ፍሪጅ ሙሉ ተደረደረ። እትዬ ያንኑ የፎቶዋን ቀሚስ ለብሳ በር ላይ ቆመች። ምሳ ሰዓት አለፈ። ማንም የለም። ደወልኩ።

«የት ደረሳችሁ?»

«ደርሰናል እኮ! ምሳ እየበላን ነው። ሆቴላችሁ እንዴት ደስ ይላል!»

በረንዳውን ዞሬ አየሁ። አንዲት ድመት ተኝታለች።

«የት ቦታ ላይ ናችሁ?»

«በረንዳው ላይ!»

«እኔም በረንዳው ላይ ነኝ...»

«ታዲያ አላየሁሽም! ነይ በዚህ በጉሙ በኩል። ውይ፣ ብርዱ ግን! ጋቢ ሰጥተውናል።»

ጋቢ! እኔ በቆምኩበት ላቤ እየተንጠባጠበ ነው። ሰዎቹ ከጣርማ በር ዋሻ ወጥተው ቁልቁል ሲመጡ የደብረ ሲናው ሆቴል ባለቤት መንገድ ላይ ቆሞ ተቀብሏቸዋል። ምን ያድርግ? የራሱ ስልክ ነው የተደወለለት! ሄኖክ ምድጃውን ሲገለብጥ ስልክ ቁጥሩንም አብሮ ገልብጧል። ሠልጣኞቹም እዚያው ብርዱን ወደውት ሳምንቱን ከረሙ። እኛ የታረደውን በግ እስኪሰለቸን በላነው።

እትዬ ቀሚሷን አወለቀች። «ማጀቴ ደውዪ» ብቻ አለችኝ።

ሄኖክን ከመሄዴ በፊት ያዝኩት። «ቢያንስ ስልኩን ቀይረው!»

«የይለፍ ቃሉ ጠፍቶብኛል።»

«ጠፍቶብኛል?!»

«ቆይ እስቲ፣ ዌብሳይቱ እንግዳ አላመጣም?» አለኝ፤ ትንሽ እንኳ አላፈረም። አምጥቷል! እስከ ደብረ ሲና!

ማኅበሩስ ምን ያለ ይመስላችኋል? «ልጅ ነው፣ ይማራል።» አለቀ። ጋሽ በቀለ ደግሞ እንደ ተራው የሽንኩርት ዌብሳይቱን በዚሁ ልጅ አሠራ፤ እልልታም ቀለጠ።

ሻንጣዬን አስሬ በሩ ጋ ስደርስ የሆቴሉ ስልክ ጮኸ። እትዬ ዘላ አነሳችው።

«አቤት! አልጋ አለ፣ ቬንትሌተር አለ... ምን? ቀዩ ነው ነጩ?»

ግራ በተጋባ ዓይን አየችኝ። መነጋገሪያውን ተቀበልኳት። ከአዲስ አበባ የደወለ ነጋዴ አንድ መኪና ሙሉ ሽንኩርት ይፈልጋል። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ደወለ፤ ከኮምቦልቻ። ከዚያ ሌላ። የደብረ ሲናው ሆቴል ባለቤት ስለ ስልኩ ሄኖክን ወቅሶት ኖሮ፣ ልጁ በጋሽ በቀለ ዌብሳይት ላይ «ትክክለኛውን ቁጥር» በጥንቃቄ አስገብቷል። የእኛን!

የእሱም የይለፍ ቃል ጠፍቷል፣ መቼም።

ጋሽ በቀለ እየሮጠ መጣ፤ እትዬን ለምኖ፣ የደሞዜን ግማሽ ሊከፍል ተስማምቶ፣ እኔን ከማጀቴ አስቀረኝ። ይኸው ዛሬም እንግዳ መቀበያው ላይ ተቀምጬ ቀይ ሽንኩርት እሸጣለሁ። ሄኖክን አመስግኚ ይሉኛል፤ አላደርገውም።

ትናንት ደግሞ አንዱ ደዋይ ሽንኩርቱን ካዘዘ በኋላ ትንሽ አመነታና፣ «እህቴ፣ ዌብሳይታችሁ ላይ ያየሁት... ሽንኩርቱን የምታስቀምጡት የእሳት ምድጃ ባለው ሳሎን ነው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። «ጋቢም አልብሰነዋል።»