ሦስቱ ፒክአፖች በዴራ አቀበትና በዲክሲስ ጭቃ

በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ መስከረም፣ የደመራው አመድ ገና ሳይበርድ፣ አሮጌው ባለ አንድ ጋቢና ፒክአፕ በአሰላ በነገሠ በሃያ ሁለተኛው ዓመት፣ ባለ ግርማው፣ ትከሻ ሰፊው፣ የገብረ ማርያም ልጅ፣ የሽንኩርትና የድንች ባላባት አቶ ይበልጣል፣ ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ነጋዴዎች ያልሠሩትን፣ ከእርሳቸው በኋላ የሚመጡትም ይሠሩት ዘንድ የማይመከረውን ሥራ ሠሩ። እኛም ያየነውን በዓይናችን አይተን፣ ያላየነውን ከሚያውቁት አፍ ሰምተን፣ ሳንጨምር፣ ትንሽ ብቻ ጨምረን፣ እነሆ ጻፍን።

አስቀድሞ የአሮጌው ፒክአፕ ዕረፍት እንዲህ ሆነ። ከዴራ ሽንኩርት ጭኖ ወደ አሰላ ሲወጣ፣ ከአቀበቱ ወገብ ሲደርስ ሳል ያዘው፤ ጥቁር ጭስ ተፋ፤ ዘይቱን በአስፋልቱ ላይ አፈሰሰ፤ ሞተሩም ዳግመኛ ላይነሣ ዝም አለ። አቶ ይበልጣል ባርኔጣቸውን አወለቁ። ባልንጀራቸው አቶ ሁሴኖም «ኢና ሊላሂ» አሉ። መኪናው የሁለቱ ነበረና፤ መጋዘኑም የሁለቱ፣ ሚዛኑም የሁለቱ። በልጅነታቸው ኳስ ሲራገጡ፣ ኋላም ጆንያ ሲሸከሙ፣ ሳይለያዩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሥጋቸው በየሃይማኖታቸው ይለይ እንጂ የምሳ ሽሯቸው አንድ ነበር፤ ከአንድ ሳህን በልተው፣ የመጨረሻዋን ጉርሻ አንዱ ወደ ሌላው እየገፋ ነበር ከማዕድ የሚነሡት።

አልጋው ባዶ በሆነ ጊዜ ግን «ማን ይንገሥ?» የሚል ክርክር ተነሣ። አቶ ይበልጣል በአዳማ አንድ ጥቁር ግዙፍ ፒክአፕ አይተው ነበር፤ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ፊቱ እንደ አንበሳ መንጋጋ የተገጠገጠ፣ ጋቢናው ላይ ለመውጣት መሰላል የሚያሰኝ። ካዩት ጀምሮ እንቅልፍ አልነበራቸውም። እውነቱን ለመናገር በልባቸው የነበረው ጭነት አልነበረም፤ እርሱ ላይ ጉብ ብለው በአሰላ ዋና መንገድ ሲያልፉ፣ በየበረንዳው ማኪያቶ ይዘው የሚውሉት ሰዎች አንገታቸውን ሲያዞሩ ማየት ነበር። አቶ ሁሴኖ ግን ነጭ መረጡ፤ ግዙፍ ሆኖ ሳለ ነዳጅ የሚቆጥብ፣ መለዋወጫውም በየሱቁ የሚገኝ። የጥቁሩ አንድ መስታወት ቢሰበር ባሕር ተሻግሮ ነው የሚመጣው።

አቶ ይበልጣል ነጩን «የመሥሪያ ቤት መኪና ይመስላል» አሉት። አቶ ሁሴኖም ጥቁሩን «የሬሳ መኪና» አሉት። ከዚያች ቃል በኋላ ተኳረፉ።

ኩርፊያውም እጅግ ጽኑ ስለ ሆነ፣ በአንድ መጋዘን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው በአዋጅ ካልሆነ በቀር አይነጋገሩም ነበር። የአዋጁ ተሸካሚ ሚዛኑን የሚጠብቁት የአቶ ሁሴኖ ባለቤት ወይዘሮ ሰኪና ነበሩ።

አቶ ይበልጣል ጆንያ ላይ ቆመው አወጁ፦ «ስማ ስማ! በዚህ መጋዘን ያለህ፣ ሚዛን ላይ የቆምህ፣ ቂም ላይ የተቀመጥህ! ጥቁሩ ካልተገዛ እኔ ይበልጣል ከዴራ አንድ ራስ ሽንኩርት አላወጣም!»

አቶ ሁሴኖም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መለሱ፦ «ሰኪና! እዚያ ጆንያ ላይ ለወጣው ሰው ይነገርልኝ! ጥቁሩ ነዳጅ ሲጠጣ እኛ ሻይ መጠጫ አናገኝም። ደግሞ ይውረድ አቦ፤ ጆንያው ድንች ነው፣ ይጨፈለቃል!»

ወይዘሮ ሰኪናም «ሁለታችሁም ጆሮ አላችሁ፤ እኔ ደግሞ ሥራ አለኝ!» ብለው አወጁ፤ የሚሰማ ግን አልነበረም።

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ ነገሩ ከቀልድ አለፈ። አቶ ሁሴኖ ግንበኛ ጠርተው አማከሩ፣ መጋዘኑን በግድግዳ ለሁለት ሊከፍሉት ነው የሚል ወሬ በከተማው ተነዛ። በዚያን ቀን አቶ ይበልጣል ከቤት የተላከላቸውን ምሳ ብቻቸውን በሉ። ሽሮው ያው ነበር፣ እጁም ያው፤ የመጨረሻዋን ጉርሻ ግን ወደ ማን እንደሚገፏት አጥተው ሳህኑ ላይ ትተዋት ተነሡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሐመልማል ግን የተመለሰውን ሳህን አይተው ገባቸው።

ያን ጊዜ ወይዘሮ ሐመልማልና ወይዘሮ ሰኪና መክረው አዋጅ አስነገሩ፦ «ፒክአፕ ይቅረብ! ጉልበቱ በዴራ አቀበት፣ ምቾቱ በሐመልማል እናት በእማማ ተሻለች ወገብ፣ አዋጭነቱ በነዳጅ ጠቋሚው ይፈተን! ያሸነፈው ይንገሥ! በፍርዱ የሚያጉረመርም ቢኖር ምሳውን ራሱ ይሥራ!» ይህች የመጨረሻዋ አንቀጽ ሁለቱንም ስላስደነገጠቻቸው ወዲያው ተስማሙ።

በተቆረጠውም ቀን ነስረዲን ደላላው መኪኖቹን ከአዳማ ወደ ዴራ አመጣ። እንደ ጥንቱ የጦር ፈረሶች ስም ወጣላቸው፤ ጥቁሩ አባ ነጎድጓድ፣ ነጩ አባ ቆጥብ ተባሉ። ሦስተኛ ደግሞ ነበረ፤ ማንም ያልጠየቀው፣ ነስረዲን «ይኼም ይታይልኝ» ብሎ የጨመረው ግራጫ፤ ወንበሩ ልስልስ ስለ ነበረ አባ ፍራሽ ተባለ። የተከተሉትም እነዚህ ናቸው፦ ራሱ ነስረዲን፣ ነጭ ጫማውን ጭቃ እንዳይነካው እንደ ሽመላ እየተራመደ፤ ጎሚስታው እንደሻው፣ በመንገድ የሚፈነዳ ጎማ ቢኖር እንዳያመልጠው ተስፋ አድርጎ፤ መኪና ኖሯቸው የማያውቅ ነገር ግን ስለ ፈረስ ጉልበት እስኪመሽ የሚከራከሩ የአሰላ ሊቃውንት፤ ከሁሉም በላይ የወይዘሮ ሐመልማል እናት ወይዘሮ ተሻለች፣ ዲክሲስ ላሉት እህታቸው የሚወስዱትን የእንቁላል ዘንቢል በጭናቸው ይዘው። የወይዘሮ ተሻለች ወገብ ዝናብን ከደመና ቀድሞ የሚያውቅ፣ በአርሲ መንገዶች ያለውን ጉድጓድ ሁሉ በስሙ የሚጠራ ወገብ ነው።

ሦስቱም እኩል ሽንኩርት ተጭኖባቸው አቀበቱን ያዙ። አባ ቆጥብን አቶ ሁሴኖ፣ አባ ፍራሽን ነስረዲን ያዙ፤ አቶ ይበልጣል አባ ነጎድጓድን ራሳቸው ይነዱ ነበር፤ ነዳጅ በሰጡት ጊዜ ሞተሩ አገሣ፤ በመንገድ ዳር የነበሩ ፍየሎች ተበተኑ፤ ሚኒባሱን አለፉት፣ አውቶቡሱን አለፉት፣ ጭላሎ ተራራ ከፊታቸው ብቅ ሲል እርሱንም ሊያልፉት ቃጣቸው። «ንጉሥ ማለት ይኼ ነው!» ብለው ለመሪው አወጁ። ኢተያ ደርሰው ሻይ አዘዙ። አባ ፍራሽ ሻዩ ሳይጋመስ ደረሰ። አባ ቆጥብ ግን ሻዩ አልቆ፣ ብርጭቆው ታጥቦ፣ ሌላ ሰው ሌላ ሻይ ጀምሮበት ሳለ፣ ከአንድ ጋሪ ጋር ጎን ለጎን እየመጣ ታየ።

ጉልበት በዚህ ተፈረደ። የነዳጁ ጠቋሚ ሲታይ ግን የአባ ነጎድጓድ መርፌ ጋደም ብላ፣ የአባ ቆጥብ ቀጥ ብላ ቆማ፣ የአባ ፍራሽ ደግሞ ከሁለቱ መሐል ተገኘች። አቶ ሁሴኖ በተጋደመችው መርፌ ፊት ቆመው ለረጅም ጊዜ ፈገግ አሉ። ይህም ከአዋጅ ሁሉ የባሰ ነበር።

ምቾቱን የፈረደው እንቁላሉ ነው። ወይዘሮ ተሻለች እስከ ኢተያ በአባ ቆጥብ ተቀምጠው ነበር፤ ሲወርዱ ሁለት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው «ልጆቼ፣ ይኼ ቆጣቢ መሆኑ እውነት ነው፤ ስፖንጁንም ቆጥቧል» ብለው አወጁ። ከኢተያ እስከ አሰላ በአማቻቸው ዙፋን ተቀመጡ። አቶ ይበልጣል አማታቸውን አክብረው በዝግታ ሊነዱ ቆርጠው ነበር፤ ነገር ግን ከፊታቸው አንድ አይሱዙ ይሄድ ነበር፣ አይሱዙም ሊታለፍ ይገባል። አሰላ ሲደርሱ የዘንቢሉ ሥር ቢጫ ያንጠባጥብ ነበር። ወይዘሮ ተሻለችም ቀሚሳቸውን እየጠረጉ «አንበሳ ተጭኖ እንቁላል አይወሰድም። እግዜር ይስጥህ ይበልጣል፣ አሁን አውርደኝ» አሉ።

ከዚህ በኋላ ሽንኩርቱ ተራገፈ፤ ወይዘሮ ሰኪና ከሚዛናቸው ዘንድ ቀሩ፤ ሠራዊቱም ድንች ሊጭን ወደ ዲክሲስ ተነሣ። ወይዘሮ ተሻለች ከእልቂቱ የተረፉትን እንቁላሎች ይዘው ከልጃቸውና ከነስረዲን ጋር በአባ ፍራሽ ተሳፈሩ። ሞተሩ ሲነሣ መኪናው በባዕድ ቋንቋ፣ በሴት ድምፅ ተናገረ።

«ማን ናት?» አሉ ወይዘሮ ተሻለች።

«ቀበቶ ይታሰር ነው የምትለው፣ እማማ» አለ ነስረዲን።

«ዕድሜዬን ሙሉ መቀነት ስታጠቅ ለኖርሁት ለእኔ? ይሁን፤ አነጋገሯ ጨዋ ነው» ብለው ታሰሩ። ከከተማው ሳይወጡም አንቀላፉ።

ከዋናው መንገድ ወደ ገበሬው እርሻ በሚገነጠለው ጥርጊያ ላይ የክረምቱ ውሃ ያልለቀቀው ጥቁር ጭቃ ነበር። የአገሩ ሰው «ኮቱ፣ ኑ! በዚህ፣ በዳር ነው!» እያለ ጠርዙን በእጁ አሳየ። አቶ ይበልጣል ግን በእንቁላሉ የጎደለውን ክብር ሊሞሉ መሐሉን መረጡ። አባ ነጎድጓድ አገሣ፤ ጭቃውም ዋጠው። ነዳጅ በሰጡት ቁጥር ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፣ ጭቃው ወደ ሰማይ ይረጫል፣ መኪናው ቁልቁል ይወርዳል፤ የስምንቱ ሲሊንደር ኃይል ሁሉ ጉድጓድ ለመቆፈር ዋለ። ሊቃውንቱ በደረቅ መሬት ቆመው ምክር ይወረውሩ ነበር፤ አንዱ ምክር ከሌላው ጋር አይገጥምም።

አቶ ይበልጣል ጋቢናው ውስጥ ብቻቸውን ተቀመጡ። በመስታወቱ ወደ ኋላ ሲያዩ አባ ቆጥብ ቆሟል፤ አቶ ሁሴኖ መሪውን ይዘው ያይዋቸዋል። አዋጅ የሚያደርስላቸው ሰው አልነበረም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ «ስማ» ብለው ጀመሩና ተዉት። መስኮቱን ዝቅ አድርገው አንገታቸውን አወጡ።

«ሁሴኖ!»

አቶ ሁሴኖም መስኮታቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሁሴኖ፣ ሰመጥሁ።»

«እያየሁህ ነው» አሉ አቶ ሁሴኖ። ወርደውም ሱሪያቸውን ሳይሰበስቡ ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገቡ። «ገመድ አለህ?»

«አሮጌዋ ላይ ቀረ።»

አቶ ሁሴኖ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ምስኪን! እሷ ይኼን መንገድ ዓይኗን ጨፍና ነበር የምታልፈው።»

ከገበሬው ገመድ ተዋሱ፤ አሰሩ፤ አባ ቆጥብ ሳበ፤ ሲስብ ሲስብ እርሱም ሰመጠ። ሁለቱ ባልንጀሮች ከሁለቱ መኪኖች መካከል፣ አንዱ ከሌላው በማይለይበት ጭቃ ተለውሰው ቆሙ። አቶ ይበልጣል ወደ መሬት እያዩ ተናገሩ።

«ግንበኛ ጠርተሃል አሉ። መጋዘኑን ልትከፍለው።»

«ማን? እኔ?» አቶ ሁሴኖ ዓይናቸውን አፈጠጡ። «የሽንት ቤቱ ግድግዳ ወድቋል እኮ ሰውዬ! ለእሱ ነው የጠራሁት። ክረምቱን ሙሉ ጃንጥላ ይዘህ ስትገባ አላየህም እንዴ?»

የአቶ ይበልጣል ሳቅ ከሆዳቸው ተነሣ፤ አቶ ሁሴኖም ተከተሉ፤ ሊቃውንቱ ምን እንደ ሆነ ሳይገባቸው እስኪደነግጡ ድረስ ሁለቱም አባ ነጎድጓድን ተደግፈው ሳቁ።

በዚህ መካከል ነስረዲን «ግራጫውን ጭቃ አላስገባም፤ ቀለሙ!» ብሎ ይምል ነበር። መንጃ ፈቃድ ከባላቸው ቀድመው ያወጡት ወይዘሮ ሐመልማል ቁልፉን ከእጁ ወሰዱ። አንደኛ ማርሽ አስገብተው፣ የአገሩ ሰው ያሳየውን ጠርዝ ይዘው፣ እንደ ሽማግሌ ዝግ ብለው ሄዱ። አስቀድመው ነጩን ሳቡ፤ ቀጥለው ጥቁሩን ሳቡ። አባ ፍራሽ ጥቂት አቃሰተ እንጂ አልሰመጠም። ወይዘሮ ተሻለችም ከእንቅልፋቸው አልነቁም፤ የቀሩት እንቁላሎችም አንድ ሳይሰነጠቅ ለእህታቸው ደረሱ።

ሠራዊቱ አሰላ በተመለሰ ጊዜ በመጋዘኑ የፍርድ ጉባኤ ቆመ። አስቀድመው አቶ ሁሴኖ ጆንያ ላይ ወጡ፦ «ስማ ስማ! ባልንጀራዬ ጥቁሩን ይወዳል። ጥቁሩ ይገዛ!» አቶ ይበልጣልም ሌላ ጆንያ ላይ ወጥተው «ስማ ስማ! ባልንጀራዬ ከመጀመሪያውም ልክ ነበር። ነጩ ይገዛ!» አሉ። አቶ ሁሴኖ «ጥቁሩ ነው ያልሁት!» አሉ፤ አቶ ይበልጣል «ነጩ ካልተገዛ ከዚህ መጋዘን እግሬን አላነሣም!» አሉ። እንዲህም እያሉ፣ አንዱ የሌላውን ፒክአፕ ከራሱ ይልቅ አምርሮ እየተሟገተ፣ ጠቡ ከፊተኛው ጠብ እጥፍ ሆነ።

ትንፋሽ ለመሰብሰብ ዝም ባሉ ጊዜ ዘወር ሲሉ፣ ወይዘሮ ሐመልማልና ወይዘሮ ሰኪና ከነስረዲን ጋር እጅ ተመታትተው ግዢውን ጨርሰዋል። አዋጁንም ወይዘሮ ሰኪና አወጁት፦ «አባ ፍራሽ ነግሧል! በአቀበት ሁለተኛ፣ በነዳጅ ሁለተኛ፣ በጭቃ አንደኛ፣ በወገብ አንደኛ! ደግሞም እማማ ከላዩ አልወርድም ብለዋል። አሁን ሁለታችሁም ውረዱ፤ ጆንያው ድንች ነው!»

ስለዚህ፣ እናንተ በአርሲ ደጋና ቆላ መሪ የምትጨብጡ ሁሉ፣ አቶ ይበልጣልን አመስግኑ! በአቀበት አይሱዙ ያሳለፉትን ሳይሆን ያለፉትን፣ በአማታቸው እንቁላል ፊት የወደቁትን፣ ጥቁር ወደው፣ ስለ ነጭ ተሟግተው፣ ግራጫ የነዱትን፣ ከስምንት ሲሊንደር ይልቅ «ሰመጥሁ» የምትለዋን ቃል ለማውጣት ብዙ ጉልበት የፈጀባቸውን ጀግና አወድሱ! ጎማቸውን ከሚስማር፣ ራዲያተራቸውን ከጥማት፣ ባልንጀርነታቸውን ከወሬ ይጠብቅላቸው። አሜን የማይል ቢኖር ሽንኩርቱን ከዴራ በጀርባው ያውጣ።